ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ ስላለው ነፃ ፕሪ-ኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ትምህርት) ለጠየቅሽው እህቴ

ልጄ በኦገስት 3 ዓመት ይሞላዋል፣ የዴይኬር ክፍያው አልቻልኩትም፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዝም ብሎ ይቀበለዋል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ዝም ብሎ አይቀበለውም። የኛን ሰው ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄው ነው። በፈረንጆቹ 2008 የወጣው የዲሲ የፕሪ-ኬ ሕግ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ነፃ ትምህርት አስፋፋ እንጂ በየሰፈሩ ቦታ አልያዘላቸውም። የሰፈር ትምህርት ቤት መብት በአብዛኛው የሚጀምረው ከኪንደርጋርተን (ከ5 ዓመት) ነው። ለፕሪ-ኬ ቤትሽ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ቢሆንም በ«ማይ ስኩል ዲሲ» ሎተሪ፣ ማለትም ከተማው የትምህርት ቤት ቦታ በዕጣ በሚያከፋፍልበት መንገድ፣ ማመልከት አለብሽ።

1. ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ዓመት መሙላት አለበት። ማመልከቻው በዲሴምበር ተከፍቶ በማርች መጀመሪያ ይዘጋል። ቀድሞ የገባ አይጠቀምም፣ ከቀኑ ያለፈ ግን ወረፋው ጭራ ላይ ይቀመጣል።

2. እስከ 12 ትምህርት ቤት መርጠሽ በቅደም ተከተል ታስቀምጫለሽ። «የማይደርሰንን አንደኛ ብናደርግ ዕድሉ ይባክናል» የሚለውን ወሬ አትስሚ፤ ብዙ ሰው የተሳሳተበት እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ ያደረግሽው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ስለሆነ ዕድልሽ አይቀንስም። ከተመደብሽበት በላይ ባሉት ሁሉ ወረፋ ትያዣለሽ፣ ከበታቹ ያሉት ይሰረዛሉ። ስለዚህ «ይሄ አይቀርም» ያልሽውን አንደኛ ካደረግሽ የምትመኚያቸውን በገዛ እጅሽ ዘጋሻቸው ማለት ነው። ከሮክ ክሪክ ፓርክ በስተምዕራብ ያሉት ብዙዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚጀምሩት ከ4 ዓመት ነው፤ መጀመሪያ አጣሪ።

3. ውጤቱ በማርች መጨረሻ ግድም ይወጣል። ተመዝገቢ በተባልሽበት ቀን ካልተመዘገብሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። መመዝገብሽ ከላይ ካሉት ወረፋ አያስወጣሽም፣ ስለዚህ «የተሻለው ይምጣ» ብለሽ አትጠብቂ።

ትልቁ ራስ ምታት የነዋሪነት ማስረጃ ነው። የዲሲ ታክስ የተቆረጠበት የቅርብ ጊዜ ፔይ ስተብ (የደመወዝ ወረቀት) ብቻውን ይበቃል። ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ወይም ሌላ የዲሲ ድጋፍ ካለሽ የዚያ ደብዳቤም ብቻውን ይበቃል። እነዚህ ከሌሉ ከሚከተሉት ሁለቱ ያስፈልጋሉ፦ የዲሲ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ፣ የመኪና ምዝገባ፣ የኪራይ ውል ከተከፈለበት ደረሰኝ ጋር፣ የመብራት፣ የጋዝ ወይም የውሃ ቢል ከክፍያው ጋር። ስምና አድራሻው በሁለቱም ላይ አንድ መሆን አለበት። ውል ይዘው ሄደው የኪራይ ደረሰኝ ባለመያዛቸው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ባለቤትሽ ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ከሆነ ፔይ ስተብ አይኖረውም፤ የዲሲ ታክሱን በጊዜው ያስገባ፣ ነዋሪነቱን በዲሲ ታክስ ቢሮ በኩል ማረጋገጥ ይቻላል። ከዘመድ ጋር የምትኖሩና በስምሽ ምንም ወረቀት የሌለ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ቤት መጥቶ እንዲያይ ጠይቂ፤ ይፈቀዳል። ከዲሲ ውጭ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) እየኖሩ የዘመድ አድራሻ መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ ሲደረስበት ወደኋላ ተመልሰው የትምህርት ክፍያ ያስከፍላሉ።

መዝጋቢዋ «አማርኛ የሚናገር የለም፣ ሰው ይዘሽ ነይ» ካለችሽ አትመለሺ። በፈረንጆቹ 2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በስልክ አስተርጓሚ ማቅረብ የነሱ ግዴታ ነው። ይህን መብት ማኅበረሰባችን በደንብ ሊጠቀምበት ይገባል፤ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ይቅር።

ዳይፐር አልተወም ተብሎ ልጅ አይከለከልም። ክትባቱን፣ የጤና ፎርሙንና የጥርስ ምርመራውን ግን በበጋው ጨርሺ፤ በኦገስት የሐኪም ቀጠሮ ማግኘት ይከብዳል።

ትምህርቱ የሚያልቀው ከሰዓት በ9 ሰዓት ግድም ስለሆነ እስከ ማታ የምትሠሪ ከሆነ አፍተር ኬር (ከትምህርት በኋላ ልጁ የሚቆይበት) ለብቻው መመዝገብ አለበት። ቶሎ ይሞላል፤ ትምህርት ቤት እንደደረሰሽ በዚያው ሳምንት ጠይቂ። ሎተሪው ባይወጣልሽም ዲሲ ገንዘብ የሚሰጣቸው ነፃ ፕሪ-ኬ ያላቸው ዴይኬሮች አሉ፤ በቀጥታ ራሳቸውን አነጋግሪ። ወረፋው በበጋ ሙሉ ይንቀሳቀሳል፣ ሲደርስሽ የሚሰጡሽ ጊዜ አጭር ነው፤ በየቀኑ የምታዪውን ኢሜይልና የማይቀየር ስልክ ስጫቸው።