የአሉሚኒየም ቸርኬ ማደስና መጠበቅ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አሉሚኒየም ቸርኬ ፖሊሽና አያያዝ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ የመጣውን ሰብስቤ ልመልስ። ሥራዬ ይሄው ነው፣ ቸርኬ ማስለቀቅ፣ መፈግፈግና ፖሊሽ ማድረግ። ከሁሉ በፊት ግን ቸርኬያችሁ ላይ ከላይ ያለው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ምንም ነገር አትቀቡበት፣ ግማሹ ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። የሚያበራ ሁሉ አንድ አይደለም፣ በቶርኖ (እያሽከረከረ በሚቆርጥ ማሽን) ፊቱ ተቆርጦ ትራንስፓረንት (ቀለም የሌለው መከላከያ ቅብ) የተቀባ አለ፣ ራቁቱን ፖሊሽ የተደረገ አለ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ አለ፣ ክሮም የሆነ አለ፣ አያያዛቸውም ለየቅል ነው።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለችኝ፣ ቸርኬዋ ያበራል ግን ትራንስፓረንት ይኑረው አይኑረው አላውቅም። በምን ልለየው?

መልስ፦ ቀላል ነው ወንድሜ። መጀመሪያ በሳሙና እጠበው፣ ከዛ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ የብረት ፖሊሽ አድርግና ብዙ የማይታይ ቦታ ላይ እሸው። ጨርቁ ወዲያው ጥቁር ካለ ራቁት አሉሚኒየም ነው፣ ጥቁሩ እየታሸ የሚወጣው ኦክሳይድ ነው። ካልጠቆረ ከላይ ትራንስፓረንት አለ ማለት ነው፣ ያንን የብረት ፖሊሽ እያደበዘዘው ይሄዳልና ተወው፣ የመኪና ሻምፖና ዋክስ ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ስታየው ፊቱ ላይ ቀጫጭን ክብ መስመሮች ከታዩህ ደግሞ በቶርኖ የተቆረጠ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ላይ ከውስጥ በኩል ነጭ ነጭ፣ ትል የሄደበት የሚመስል መስመር ወጥቷል። ብፈትገው ብፈትገው አልለቅ አለ።

መልስ፦ አይለቅም እህቴ፣ ያለው ከትራንስፓረንቱ ሥር ስለሆነ እጅሽ አይደርስበትም። ጠጠር ወይ ከርብ ስቶን ትራንስፓረንቱን ትንሽ ሲሰነጥቀው ውሃ ይገባል፣ ጨው ያለበት ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ ከዛ አሉሚኒየሙ ከሥር እየተበላ መስመር ሠርቶ ይሄዳል። መፍትሄው ትራንስፓረንቱን ሙሉ በሙሉ ማስለቀቅ ነው። ከዛ በኋላ ወይ እንደገና በቶርኖ ይቆረጣል ወይ በእጅ ፖሊሽ ይደረጋል። ቶርኖው በየጊዜው ብረት ስለሚያነሳ ደጋግሞ ማስቆረጥ አይቻልም፣ ደግሞ ለቸርኬ ተብሎ ያልተሠራ ተራ ቶርኖ የፊቱን ጎበጥ ያለ ቅርፅ ተከትሎ አይሄድም። እኔ ብሆን በእጅ አሠራዋለሁ።

ጥያቄ፦ እሺ በእጅ ከሆነ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅደም ተከተሉን ንገረን፣ ራሴ መሞከር እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ጎሚስታ ጋ ሂድና ጎማውን አስወልቅ፣ ጎማው ላይ እንዳለ የሚሠራ ሥራ ጠርዙ ላይ ያስታውቃል። ቀለምና ትራንስፓረንቱን በሪሙቨር አስለቅቅ፣ ጓንት አድርገህ አየር ባለበት ቦታ፣ ሪሙቨሩም ለአሉሚኒየም የሚሆን ይሁን። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ነገር እንዳታስጠጋው፣ አሉሚኒየም ይበላል፣ ያጠቁረዋል። ከርብ ስቶን የበላው ቦታ ካለ እዛችው ላይ ብቻ በሞረድ አስተካክለህ በቁጥር 240 ብርጭቆ ወረቀት አለስልስ። ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ) አትሙላበት፣ ስቱኮ ለሚቀባ ቸርኬ ነው፣ ፖሊሽ ላይ ግራጫ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

ከዛ ሙሉውን በ320፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 እያልክ በሳሙና ውሃ እያረጠብክ ትወርዳለህ። ሰው ሁሉ የሚሰለቸውና የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። ቁጥር በቀየርክ ቁጥር የምትፈገፍግበትን አቅጣጫ ቀይር፣ በ400 ወደ ጎን ከሄድክ በ600 ወደ ላይና ወደ ታች ሂድ፣ የ400ው ጭረት በሙሉ ካልጠፋ ወደ 800 እንዳትሻገር። በየመሀሉ እጠበው፣ አድርቀው፣ የስልክህን ባትሪ ከጎን አብራበት፣ ፊት ለፊት ስታየው የተደበቀው ጭረት ያኔ ይታይሃል። 600 ላይ ያለፍከው አንድ ጭረት መጨረሻ ላይ መስታወት ከሆነ በኋላ አፍጥጦ ይወጣና እንደገና ወደ ኋላ ይመልስሃል። ከ2000 በኋላ ድሪል ላይ የጥጥ ክብ አስረህ መጀመሪያ ሻካራውን ፖሊሽ ከዛ ለስላሳውን፣ ለሁለቱ የተለያየ ጥጥ። አንድ ቦታ ላይ አትቁም፣ ይግላል።

ሁለት ነገር ደግሞ አደራ። ዳዶው የሚያርፍበትን ቀዳዳና ቸርኬው ከሞዞው (መኪናው ላይ ቸርኬው ከሚታሰርበት ክፍል) ጋር የሚገጥምበትን ፊት አትንካ፣ አትቀባም፣ እዛ የሚጨመር ቀለም ዳዶው እንዲላላ ያደርጋል። ሌላው፣ በደረቁ በግራይንደር ከሆነ የምትሠራው ማስክ አድርግ፣ ብረት የሚፈጭበትና ብልጭታ ያለበት ቦታ ላይም አትሥራ፣ የአሉሚኒየም ብናኝ እሳት ይይዛል።

ጥያቄ፦ ካበራ በኋላ ትራንስፓረንት ላስነፋበት ወይስ እንዲሁ ልተወው?

መልስ፦ እዚህ ላይ ሰው አይስማማኝም ግን ለኔ መልሱ ተወው ነው። ትራንስፓረንት እንዲይዝ ሻካራ ነገር ይፈልጋል፣ መስታወት የሆነ አሉሚኒየም ላይ ምን ይያዝ? ቢያምርም አንድ ጠጠር ሲመታው ከዛ እየተላጠ ይሄዳል፣ ያኔ እንደገና ሙሉ ማስለቀቅ ነው። በክረምት እርጥብ አየር ሜዳ ላይ ከተነፋማ ጭራሽ ውሃውን ከሥር ይዞት ይቀራል። ራቁቱን ተወውና ልክ እንደጨረስክ በሳሙና አጥበህ፣ በአልኮል ጠርገህ፣ እዛው ቀን ዋክስ ወይ የቸርኬ ሲላንት ቀባው። ሲደበዝዝ በእጅ ትንሽ ፖሊሽ ይበቃዋል። በየጊዜው መንከባከብ አልችልም የምትል ከሆነ ግን ፖሊሽ ላንተ አይደለም፣ ብርማ ቀለም አስቀባና ከላይ ትራንስፓረንት አስደርግ፣ እሱ በደንብ ይይዛል። ማድረቂያ ተቀላቅሎ የሚነፋው ትራንስፓረንት ላይ ተራው የአቧራ ማስክ ሳንባን አያድንም፣ ቀቢዎች ይሄን እባካችሁ ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ ላቫጆ አስገብቼ ስወጣ ቸርኬው ነጭ ዳመና ሠርቷል። ምን ረጩበት?

መልስ፦ ወይ አሲድ ነው ወይ ጠንካራ ማጽጃ። አሉሚኒየም ላይ ራሱ የሚሠራው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አለ፣ የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ሽፋኑ የሚጸናው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ4 እስከ 8.5 አካባቢ ሲሆን ነው፣ ከዛ ወዲህም ወዲያም ይሟሟል። የፍሬን ሸራ ብናኝ በአንዴ ስለሚለቅ ይወዱታል፣ ጉዳቱ ግን ያየኸው ነው። ቀላል ዳመና ከሆነ በፖሊሽ ይወጣል፣ እጅህ ላይ ሻካራ ከሆነ ከ1000 መጀመር ነው። ሁለተኛ ስትሄድ ገና ሳይጀምሩ ቸርኬው በሻምፖና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ በላቸው። ከእንጦጦ ፍሬን እየረገጥክ ወርደህ ወዲያው አታሳጥብ፣ ይቀዝቅዝ፣ የጋለ ቸርኬ ላይ ኬሚካሉ ደርቆ ይነክሳል። ደግሞ አንዳንዱ የቸርኬ አሲድ ሃይድሮፍሎሪክ አለበት፣ በቆዳ ገብቶ አጥንት ድረስ የሚጎዳ ነው፣ እነዛ ባዶ እጃቸውን የሚያጥቡ ልጆች ያሳዝኑኛል፣ ጠርሙሱን አንብቡላቸው።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ነው ያለሁት፣ ክረምት ላይ መንገዱ ላይ የሚረጩት ነገር ፖሊሽ ቸርኬዬን ፈጀው።

መልስ፦ እሱ ማግኒዢየም ክሎራይድ ነው፣ ከአየር እርጥበት እየሳበ ቶሎ ስለማይደርቅ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ ይሠራል። ዋክስ ብቻውን አይችለውም። በረዶው ሳይገባ ፖሊሹን አውልቀህ አጥበህ ቤት አስቀምጥ፣ ለክረምቱ የተቀባ ቸርኬ ከክረምት ጎማ ጋር ግጠም። ጅዳና ዱባይ ያላችሁም የባሕር ጨው አለባችሁ፣ ቶሎ ቶሎ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ።

ጥያቄ፦ ክሮሙ እየተላጠ ነው፣ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ላንሳው?

መልስ፦ አይ፣ እንዳትነካው። የክሮም ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ደግሞም ከሥሩ ኒኬልና መዳብ ስላለ አይጨረስም። ለሚያስለቅቅ ባለሙያ ስጠው ወይ ቸርኬውን ቀይር።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቸርኬ ልገዛ ነው፣ ምን ልይ?

መልስ፦ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን እይ ጋሼ፣ ፊቱን እኔም አሳምርልሃለሁ። ውስጠኛውን ጠርዝ በጣትህ ዙረው፣ የብየዳ ጉብታ ወይ ቀጭን ስንጥቅ ካገኘህ ጥለህ ሂድ፣ ጉድጓድ የሰበረውን በአርጎን በይዞ ፖሊሽ ማድረግ ሕይወት ላይ መጫወት ነው። ከዛ ዳዶውን ጠይቅ። የቶዮታ ፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው ዳዶ ነው የሚፈልገው፣ ሌላው አብዛኛው ሾጣጣ ዳዶ ነው፣ ሁለቱን ማቀላቀል አይቻልም። የባላንስ እርሳሱንም ከውስጥ በኩል የሚለጠፈውን አስደርግ፣ ጠርዝ ላይ የሚነከሰው ፖሊሹን ይቧጭራል፣ እዛው ዝገት ይጀምራል። ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድተህ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ደግመህ አጥብቅ፣ ለቪትዝና ኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው።