ያልተጠበቁት የቤዝቦል ቡድኖች እስከ ኦክቶበር ይዘልቃሉ?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የጻፉልን አንድ አባት እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ ቤዝቦል ይወዳል፤ እኔም አብሬው ማየት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኑኝ። በየዓመቱ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው አንድ ቡድን ድንገት ብቅ ይላል። ልጄ ‹ዘንድሮ ፕሌይኦፍ ይገባሉ› ሲለኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ‹ቆይ ብቻ፣ ይወርዳሉ› ይሉኛል። የማንን ልመን? ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው የዕድል መቶኛስ እንዴት ነው የሚሰላው?»

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ባልደረቦችዎ ስለ ጸደዩ ወራት የሚሉት ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ልጅዎ ግን ስለ ኦክቶበር፣ ማለትም ምርጦቹ ቡድኖች ለዋንጫ የሚጋጠሙበት ፕሌይኦፍ ስለሚካሄድበት ወር፣ የሚያስበው ከእነሱ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ስለሚያደርግ፣ የመጀመሪያዎቹ 40 ጨዋታዎች የቡድኑን ማንነት ከሚያሳዩት በላይ ሊደብቁት ይችላሉ። ስለዚህ ስንት ጊዜ አሸነፈ ከማለት በፊት፣ በጠቅላላው ስንት ነጥብ አስቆጥሮ ስንት ተቆጠረበት ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በአንድ ነጥብ ልዩነት የተገኙ ድሎች በተደራረቡ ቁጥር ከጥንካሬው ጎን ዕድልም እንዳለበት መጠርጠር ተገቢ ነው። የ2024ቱ ካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2023 በ106 ጨዋታ ተሸንፎ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት 86 አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ። ያስቆጠረው ነጥብ ከተቆጠረበት በብዙ ይበልጥ ስለነበር ውጤቱ የአጋጣሚ ብቻ አልነበረም፤ ቦቢ ዊት ጁኒየር በ.332 (ከሺህ ሙከራ 332 ጊዜ በተሳካ ምት) ከሁለቱ ሊጎች አንዱ የሆነው የአሜሪካን ሊግ ምርጥ መቺ ሲሆን፣ አዲስ የመጡት ሴት ሉጎና ማይክል ዋካ ደግሞ የፒቸሩን፣ ማለትም የኳስ ወርዋሪዎቹን፣ ክፍል አጽንተውታል። በዚያው ዓመት 121 ጊዜ የተሸነፈው ቺካጎ ዋይት ሶክስ በዚሁ ምድብ (እርስ በርስ ደጋግመው በሚጋጠሙ ቡድኖች መካከል) መገኘቱም መዘንጋት የለበትም። ደካማ ጎረቤት ያለው ቡድን ውጤቱ ከጥንካሬው ትንሽ አብልጦ ይታያል።

በእኔ ግምት ለጥያቄዎ ዋናውን መልስ የሚሰጠው ግን የዚያው ዓመት ዲትሮይት ታይገርስ ነው። በጁላይ መጨረሻ የቡድኑ አመራር ተስፋ የቆረጠ በሚመስል መልኩ ፒቸሩን ጃክ ፍላርቲን ለዶጀርስ አሳልፎ ሰጠ። ኦገስት 10 ላይ ውጤቱ 55 ድልና 63 ሽንፈት ነበር፤ ታዋቂ ስሌቶችም ወደ ፕሌይኦፍ የመግባት ዕድሉን 0.2 በመቶ፣ ማለትም ከሺህ ሁለት ብቻ፣ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ካደረጋቸው 44 ጨዋታዎች 31ዱን አሸነፈ። ሴፕቴምበር 27 ከ2014 ወዲህ የመጀመሪያውን የፕሌይኦፍ ቦታ ያረጋገጠው ዋይት ሶክስን አሸንፎ ሲሆን፣ ለቺካጎ ያች ሽንፈት 121ኛዋ ነበረች።

እዚህ ላይ መቶኛው እንዴት እንደሚሰላ ላስረዳ። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ቡድን ጥንካሬ ይገምትና የቀሩትን ጨዋታዎች በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ በምናብ ያጫውታል፤ ቡድኑ ከእነዚያ ውስጥ በስንቱ እንደገባ ተቆጥሮ መቶኛው ይወጣል። ስለዚህ 0.2 በመቶ ማለት አይሆንም ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እስከዚያ ቀን የታየውን ጥንካሬ ብቻ ነው፤ በኦገስት ወጣቶች ከታችኛው ሊግ መጥተው ቡድኑን እንደሚለውጡት አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

አንዴ ከተገባ በኋላ ነገሩ ይለያል። ከ2022 ጀምሮ ከ30ው ቡድን 12ቱ ይገባሉ፤ የመጀመሪያው ዙር ሁለት ቀድሞ ያሸነፈ የሚያልፍበት አጭር ግጥሚያ ነው። በአንድ ጨዋታ 55 በመቶ የማሸነፍ ብልጫ ያለው ጠንካራ ቡድን እንኳ ይህን ዙር የሚያልፈው ከመቶ 57 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ውድድር አንድ ታላቅ ፒቸር ሚዛኑን ይደፋዋል። ታይገርስ በዚያ ዓመት በድል ብዛት፣ በሚቆጠርበት ነጥብ አማካይ ማነስና መቺዎችን በሦስት ስትራይክ በማስወጣት የአሜሪካን ሊግ አንደኛ የነበረው ታሪክ ስኩባል ነበራቸው፤ እሱም ሂውስተን ላይ ስድስት ኢኒንግ (ከጨዋታው ዘጠኝ ክፍሎች ስድስቱን) ነጥብ ሳይቆጠርበት ጨርሶ ቡድኑ አስትሮስን በጠቅላላ ጨዋታ 2 ለ 0 አሰናበተ።

ይኸው ስኩባል ግን በቀጣዩ ዙር አምስተኛ ጨዋታ ላይ ክሊቭላንድ ውስጥ በከተማው ቡድን ተረታ። ሦስቱም ቤዞች ተይዘው ሳለ የወረወራት ኳስ የክሊቭላንዱን ሆዜ ራሚሬዝን መታችውና በደንቡ መሠረት አንድ ሯጭ ገብቶ ጨዋታው 1 ለ 1 ሆነ፤ ቀጥሎ የቆመው፣ እስከ ጁላይ ድረስ እዚያው በእናንተ አካባቢ ለዋሽንግተን ናሽናልስ ይጫወት የነበረው ሌን ቶማስ፣ የመጀመሪያዋን ኳስ ከአጥር ውጭ ሰደዳት። አራት ነጥብ በአንድ ምት፤ የታይገርስም ዓመት በዚያው አበቃ።

የናሽናልስን ነገር ካነሳን፣ በ2019 ሲልቨር ስፕሪንግ ከነበሩ ሳያስታውሱት አይቀሩም። በሜይ 19 ድልና 31 ሽንፈት የነበረው ቡድን፣ ኦክቶበር 1 በገዛ ሜዳው ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ በሚልዋኪ 3 ለ 1 ይመራ ነበር። ሁዋን ሶቶ ወደ ቀኝ ሜዳ የመታት ኳስ ከጠባቂው ጓንት ሥር ሾልካ አመለጠች፤ ሦስት ሯጮችም ገቡ። በዚያው ወር መጨረሻ ዋሽንግተን የመጨረሻውን የዋንጫ ግጥሚያ፣ ወርልድ ሲሪዝን፣ አሸነፈ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ የነጥብ ልዩነትም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። በ2023 አሪዞና ዳይመንድባክስም ማያሚ ማርሊንስም 84 ጨዋታ አሸንፈው ሲገቡ፣ ሁለቱም ካስቆጠሩት የተቆጠረባቸው ይበልጥ ነበር። ማያሚ ሁለት ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ፤ አሪዞና ግን ዶጀርስንና ፊሊስን ጥሎ ወርልድ ሲሪዝ ደረሰ።

እንግዲህ ለልጅዎ የምመክረው፣ በሜይ የደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ አይቶ እንዳይደሰት፣ በኦገስትም መቶኛውን ብቻ አይቶ እንዳያዝን ነው። የቡድኑን ሁለት ምርጥ ፒቸሮች ጤንነትና የቀሩትን ተጋጣሚዎች ይመልከት። በ2025 ጁላይ ታይገርስ በምድባቸው ሰንጠረዥ ክሊቭላንድን በ15.5 ጨዋታ ልዩነት ይመሩ ነበር፤ ምድቡን ያሸነፈው ግን ክሊቭላንድ ሆነ፤ ከዚያም በፕሌይኦፍ መጀመሪያ ሁለቱ ተገናኝተው ታይገርስ 2 ለ 1 አለፉ።