አባ ጤና ጤና ነሳን፦ ስለ ሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ የድሬ ልጆች ጠየቁ

«ስለ ሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ አቦ ጥያቄው ጎረፈ። አባ ጤና የድሬዳዋ ኤርፖርታችን ስም ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአውሮፕላን ጥገና ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሳቢያን ሠፈር እኖራለሁ። አንዳንዶቻችሁ «አንቱ» ብላችሁ ጽፋችኋል፤ እናንተ በቅርብ የመጣችሁ መሆን አለባችሁ። ድሬ ላይ አንቱ የለም። አንተ በሉኝ።

ጥያቄ፦ ቀን አውሮፕላን ማለፉንም አላስተውልም። ሌሊት ግን ጣራዬ ላይ ያረፈ ይመስለኛል። ጆሮዬ ነው ወይስ እውነት ነው?

እውነት ነው። አንደኛው ነገር ዝምታው ነው። ቀን ባጃጁ፣ የገበያው ጫጫታ፣ የጎረቤት ቴፕ ድምፁን ይሸፍኑታል። ሌሊት የሚሸፍነው የለም።

ሁለተኛው አየሩ ነው፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ይፈጥናል። ቀን የድሬ መሬት ሲግል ከታች ያለው አየር ከላይኛው ይሞቃል፤ ስለዚህ ድምፁ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ሰማይ ይበላዋል። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ይቀዘቅዛል። አሁን ቀዝቃዛው ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ነው። ድምፁም ወደ ታች፣ ወደኛ ይታጠፋል። ይሄ የሚብሰው አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሞተር ሲያስነሳ ወይም ገና ዝቅ ብሎ ሲበር ነው። ሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ ሲያልፍ ለውጡ ትንሽ ነው።

ሦስተኛው እኛው ነን። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ አልጋ ግቢ ይወጣል። ግድግዳ የሌለው ሰው ምን ይከልለዋል?

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ቀን ብቻ አይበሩም?

ሙቀት። ሞቃት አየር ሳሳ ያለ ነው። ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሳል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደር ይፈልጋል፣ ከተነሳም በኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። አንዳንዴ ጭነት መቀነስ ግድ ይሆናል። ቦሌን ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታው ይፈትነዋል። እኛ ወደ 1,160 ሜትር ብቻ ነን፤ የኛ ፈተና ፀሐዩ ነው። ሞቃት አገር ላይ ማለዳና ሌሊት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ግን ሁሉንም በሙቀት አላሳብብም። የአገር ውስጥ በረራ ሰዓት ከቦሌ የውጭ በረራዎች ጋር ተያይዞ ነው የሚወጣው። ተሳፋሪው ቦሌ ላይ ሳይቆይ እንዲቀጥል ድሬ ላይ አንድ ሰው ይነቃል።

ጥያቄ፦ ባለ ፕሮፔለሩ ይሻላል ይባላል። እውነት «ጸጥተኛ» ነው?

ኪው 400ን ነው የምትለው። ስሙ ላይ ያለችው «ኪው» በእርግጥም ጸጥታን የምታመለክት ናት። ግን ጸጥታው የተሠራው ውስጥ ለተቀመጠው ተሳፋሪ ነው፣ ንዝረትና ድምፅ የሚቀንስ መሣሪያ ተገጥሞለት። ከታች ለተኛኸው አይደለም። ሲነሳ ጄቱ ይበልጥ ይጮኻል። የፕሮፔለሩ ድምፅ ግን ወፍራም ነው፤ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ግድግዳና ጣራ በቀላሉ ያልፋል። ቆርቆሮህ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ከመንደርደሪያው ጫፍ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሲያርፍ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚያልፈኝ?

በመደበኛው የ3 ዲግሪ አወራረድ ከመጣና ቤትህ ልክ መስመሩ ላይ ከሆነ ወደ 170 ሜትር ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 52 ሜትር አስብ። ከመስመሩ ወደ ጎን በራቅህ ቁጥር ይቀልልሃል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። የኛ መንደርደሪያ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው፤ ደቡብ ምሥራቅ ጫፉ ወደ ከተማው ያያል። ካርታ ላይ አስምርና ቤትህን ፈልግ።

ጥያቄ፦ በስልኬ ለካሁ፤ 70 አለኝ። ሕግ ተጥሷል ማለት ነው?

ቀስ በል። በአገራችን መስፈርት ለመኖሪያ ሠፈር የተቀመጠው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ ከ40 እንዳያልፍ መክሯል። ግን ይሄ 40 የሌሊቱ ሁሉ አማካይ ነው። አንተ የለካኸው አውሮፕላኑ አናትህ ላይ የነበረባትን ግማሽ ደቂቃ ነው። ሁለቱን አታወዳድር።

ሰው ግን በአማካይ አይነቃም፣ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው የሚነቃው። በአማካይ ብቻ መለካት የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው። በየ10 ዴሲቤሉ ጆሮህ ድምፁ እጥፍ የሆነ ይመስለዋል። ስልክ ትክክለኛ መሣሪያ አይደለም። ለማነጻጸር ግን ይረዳል፣ ሁልጊዜ በአንድ ስልክና በአንድ ቦታ ከለካህ።

ጥያቄ፦ ለማን አቤት ይባላል?

አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ። አንቀጽ 11ን አንብቡት። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አስቀምጧል።

ወረቀት ላይ ያምራል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ማመልከቻ ይዤ ወጥቼ ነበር። አንዱ ቢሮ «የኛ አይደለም፣ የእነሱ ነው» አለኝ። እነሱ ጋ ስሄድ «የእነዚያ ነው» አሉኝ። ሦስተኛው ቢሮ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫ፣ የጫት ሰዓት ነው። ጥፋቱ ግን የኔም ነበር። ማመልከቻው «እንቅልፍ አጣን» ነበር የሚለው። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ፣ ሲነሳ ነው ሲያርፍ ነው ወይስ መሬት ላይ ቆሞ ሞተር ሲያንደቀድቅ፣ አንዱንም አልጻፍኩም። የአንድ ወር መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ፤ አሥር ቤት አንድ ላይ ፈርሙ፤ ገቢ የተደረገበት ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የሌሊት በረራ ጭራሽ ማገድ አይቻልም?

የሠሩት አሉ። ፍራንክፈርት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አታስተናግድም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ግን እገዳ የመጀመሪያው እርምጃ እንዳይሆን ነው የሚመክረው። መጀመሪያ አውሮፕላኑ ራሱ ጸጥ ይበል፣ የመሬት አጠቃቀሙ ይስተካከል፣ አበራረሩ ይታይ ይላል። እኔም ለድሬ እገዳ አልጠይቅም። መሬት ላይ የሚደረግ የሞተር ሙከራ ወደ ቀን ይዙር ብል ግን አላፍርም። እሱ መንገደኛ አይጠብቀውም።

ጥያቄ፦ ተዋጊ ጄቶቹስ?

አልመልስም። ቀጥሎ።

ጥያቄ፦ እናቴ አውሮፕላን በሰማች ቁጥር ትነሳና በር ላይ ትቆማለች። ምን ላድርጋት?

ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ሲደርስ እዚህ ነበረች መሰለኝ። የዚያን ጊዜ ሰው ጆሮው ሌላ ነው። አትሟገታት፣ «የመንገደኛ ነው እማ» በላት፣ አብረሃት ቁም። የሚቻል ከሆነ አልጋዋን ከመንደርደሪያው ተቃራኒ ወዳለው ክፍል አዙርላት።

ጥያቄ፦ ለልጆች ትምህርት ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ1992 ኤርፖርቷን ወደ ሌላ ቦታ ስታዛውር ተመራማሪዎች በሁለቱም ሠፈር ያሉ ልጆችን ተከታተሉ። ድምፁ የሄደላቸው ልጆች ንባባቸው ተሻሻለ፤ ድምፁ የመጣባቸው ደከሙ። ተሻሻለ የምትለዋን ግን ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ ቤቴን እንዴት ልከላከል? ዛፍ ብተክል?

ኒም ትከል፣ ለጥላው። ድምፅ ግን ጥቂት ዛፍ አያቆመውም፣ ከላይ ለሚመጣ ደግሞ ጭራሽ። መስኮት መዝጋት ይረዳል፤ በድሬ ሰኔ መስኮት ዝጋ ብዬ ግን ኃጢአት አልገባም። ከቆርቆሮው ሥር ወፍራም ኮርኒስ ሥራ፣ ሙቀቱንም ይቀንስልሃል። ቬንትሌተርህ የሚያሰማው ወጥ ድምፅም ትንሽ ይሸፍናል። የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው፤ የሚያጠባ እናት ግን ሕፃኗን መስማት አለባት።

ጥያቄ፦ በኤርፖርቱ በኩል ቦታ በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?

የምጠብቀው ጥያቄ ይሄ ነበር። ደቡባችን ተራራ ነው። ከተማው የሚሰፋው ወደ ሜዳው ነው፤ ኤርፖርቱም ያለው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ቦሌም ሲሠራ ከአዲስ አበባ ዳር ነበር፤ ዛሬ መሃል ከተማ ገብቷል። አውሮፕላኑ አልመጣባቸውም፣ እነሱ ናቸው የሄዱበት። በኋላ ከተማው ሁሉ ተሰብስቦ አቤት ቢል የሚፈርስ ነገር የለም። ድሬ ገና አልመሸባትም፤ በመስመሩ ሥር መጋዘን፣ ጋራዥ፣ እርሻ ይሁን እንጂ መኝታ ቤት አይሁን እላለሁ። ብር ከመክፈልህ በፊት ፍራሽ ይዘህ ሂድና አንድ ሌሊት እዚያው ቦታ ላይ እደር። ደላላውንም ይዘኸው እደር።

ጥያቄ፦ «አባ ጤና» የሚል ስም ያለው ኤርፖርት እንዴት ጤና ይነሳል?

አባ ጤና የደጃዝማች ይልማ፣ የራስ መኮንን ልጅ፣ የፈረስ ስም ነው። ፈረሱን ተዉት፣ እሱ ሌሊት አያስነሳም ነበር።

ጥያቄ፦ አንተስ እንዴት ነው የምትተኛው?

የሙያ ነገር ሆኖ ድምፁን ስሰማ የትኛው ዓይነት አውሮፕላን እንደሆነ እለያለሁ። ለይቼ ስጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ባለቤቴ ግን የምትነቃው የለመደችው አውሮፕላን ሲዘገይ ነው። «ዛሬ ምነው ቆየ?» ትለኛለች። ይኸው አሁንም ተቀምጣ እየጠበቀችው ነው።