መልስ፦ የሮቦት ፍሬምወርክ ውጤት ፋይሎችን ስም ስለመቀየር

ሰላም ወንድሜ፣ ቴስቱ ጄንኪንስ (ቴስቶችን በራሱ የሚያስኬደው ሰርቨር) ላይ በሄደ ቁጥር የትናንቱ ሪፖርት በዛሬው እየተተካ ይጠፋብኛል፣ ስሙን እንዴት ልቀይር ብለህ ነበር። ቴስቱን የምታስኬድበት መሣሪያ ሮቦት ፍሬምወርክ፣ ካልነገርከው በስተቀር ውጤቱን ሁሌም አውትፑት፣ ሎግ እና ሪፖርት በሚሉ ሦስት ስሞች ነው የሚያስቀምጠው፤ አሮጌውንም ሳይጠይቅ ይደመስሰዋል።

ቀላሉ መፍትሔ ትዕዛዙ ላይ ሰረዝና ትልቁን ቲ (-T) መጨመር ነው። ለሦስቱም ፋይሎች አንድ ዓይነት ቀንና ሰዓት ከስማቸው ቀጥሎ ይለጥፍልሃል፣ 20250314-093005 እንደሚለው። ሁለት ነጥብ እንደሌለበት ልብ በል፤ በራስህ ስክሪፕት 09:30 ብለህ ስም ብታወጣ ዊንዶውስ አይቀበልህም።

እኔ ግን ለጄንኪንስ የምመርጠው፣ በሰረዝና በትንሿ ዲ (-d) የቢልድ ቁጥሩን (ጄንኪንስ ለእያንዳንዱ ሩጫ የሚሰጠውን ቁጥር) የያዘ ፎልደር ሰጥቶ የፋይሎቹን ስም እንዳለ መተው ነው። የጄንኪንሱ ሮቦት ፕለጊን ካልቀየርክለት የሚፈልገው ነባሮቹን ስሞች ስለሆነ፣ እዚያ የምትነካው የፎልደሩን አድራሻ ብቻ ይሆናል።

ቴስቱ ካለቀ በኋላ ፋይሎቹን በእጅ ሪኔም ማድረጉን ግን ተወው። ሪፖርቱ ውስጥ ያለው ሊንክ የሎጉን የድሮ ስም እንደያዘ ስለሚቀር፣ የወደቀውን ቴስት ስትጫን ፋይሉ የለም ይልሃል። ከወዲሁ አድርገኸው ከሆነም አትጨነቅ፤ የኤክስኤምኤል ፋይሉ (አውትፑቱ) እስካለ ድረስ ከሮቦት ፍሬምወርክ ጋር አብሮ በሚመጣው ሪቦት (rebot) በሚባል ትዕዛዝ አዲስ ስም ሰጥተህ ሎጉንም ሪፖርቱንም እንደገና ታወጣቸዋለህ።