ፓምፑ ስንት ሰዓት ይሥራ?

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት በሚገኘው ቤታችን ጓሮ ለልጆች መዋኛ ገንዳ አሠርተናል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 4፣ ጥልቀቱ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ባለቤቴ ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ ይላል፤ የመብራት ሂሳብ የምከፍለው እኔ ነኝና በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ አደረግሁት። አሁን ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ በአዘቦቱ ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም፤ ለዚህ ሳምንት ግን ባለቤትዎ ረትተዋል። ክሎሪኑን በማሸጊያው መመሪያ መሠረት ከፍ ያድርጉ፤ ፓምፑ ሌሊቱንም ይሥራ፤ ማጣሪያውን ደጋግመው ይጠቡ። የገንዳው ወለል ቁልጭ ብሎ እስኪታይ ልጆቹ አይግቡ።

ከጠራ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው። ገንዳዎ 48 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ይገፋል ካለ፣ ውሃው ሁሉ በማጣሪያው አንዴ ለማለፍ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ያ ጽሑፍ ግን ለጋብቻ እንደተላከ ሽማግሌ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ያወራል፤ ቧንቧው በተጣጠፈ፣ ማጣሪያው በቆሸሸ ቁጥር የሚያልፈው ውሃ ይቀንሳል። ስለዚህ 8 ሰዓት ይያዙ፤ ሙቀቱ ሲበረታና የጎረቤት ልጆች ሲታከሉ 12። እኔ ባለሁበት በደብረ ብርሃን ቢሆን 6 ይበቃዎት ነበር፤ ለነገሩ በዚህ ብርድ ማን ይዋኛል?

ከጠዋቱ 3 ሰዓት አስነስተው 11 ሰዓት ላይ ያጥፉት። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ የሚያድገው፣ ክሎሪንም ኃይሉን የሚያጣው በፀሐይ ነው። ክሎሪን የሚጨምሩት ግን ሲመሽ ይሁን፤ እንዲዋሃድ ፓምፑን እንደገና አስነስተው አንድ ሰዓት ያሠሩት። ባለ አንድ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በሰዓት ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚበላ፣ ከ24 ወደ 8 ሲወርዱ በቀን ወደ 16 ኪሎዋት ሰዓት ያተርፋሉ።

አንድ ጊዜ የሰው ገንዳ ስጠግን ፓምፑን አስነስቼ ምሳ በላሁ። ውሃው ከመምጠጫው አፍ በታች ወርዶ ኖሮ፣ ስመለስ ጠጠር የሚፈጭ ድምፅና የተቃጠለ ጎማ ሽታ ተቀበለኝ። ፓምፑ ውሃ እንዳያፈስ የሚያትመውን ማኅተም የተካሁት ከኪሴ ነው። እርስዎም መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከፓምፑ ፊት ባለው የቆሻሻ መያዣ ቅርጫት ብርጭቆ መሳይ ክዳን ውሃው ሲሮጥ ሳያዩ ወደ ቤት አይግቡ።