ስለ ሸክላ፣ ስለ ካሴትና ስለ ግልባጭ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ ራሱ ሕግ ተጥሶ ነው የተጀመረው ይባላል። ታዲያ የእሱን ሸክላ ብንገለብጥ ምን ይገርማል?

መልስ፦ ሁለቱ አይገናኙም። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጡ የደፈሩት ይህንን ብቸኛ መብት ነው። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው የታተመው ሕንድ ነው። የሌላ ሰው ቀረጻ ወስደው ግን አልሸጡም። ግልባጭ ሻጭ የሚወስደው የሰው ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የገዛሁትን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ብገለብጥ ጥፋት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል። አንድ፣ ለራስዎ። ለደንበኛ ፍላሽ ላይ መጫን እዚህ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ ሙዚቃ ቤቱ ተዘግቷል፣ ዘፋኙም አርፏል። ካሴቱን እንደገና ለማሳተም ማንን ላስፈቅድ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘፈን ባለቤቱ አንድ ሰው አይደለም። ግጥሙና ዜማው የደራሲዎቹ ነው፤ በሕይወት እስካሉ ድረስ፣ ካረፉም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቻቸው ይጠበቃል። በጋራ ከሠሩት ደግሞ የሚቆጠረው መጨረሻ ካረፉት ጀምሮ ነው። የዘፋኙና የተጫዋቾቹ ክዋኔ ሌላ መብት ነው፤ የአሳታሚው ቀረጻም እንዲሁ። የእነዚህ ጊዜ 50 ዓመት ሆኖ የሚነሳው ከተቀረጸበት ወይም ከታተመበት ዓመት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ ሸክላ የቀረጻው ዘመን አለፈ ቢባል እንኳ፣ ዜማውን የደረሱት ሰው በ1990 ካረፉ ዜማው እስከ 2040 ባለቤት አለው። ሙዚቃ ቤቱ ስለተዘጋም መብቱ አልተነነም፤ ለወራሽ ወይም ለገዛው ሰው ተላልፏል።

የካሴቱን ሽፋን አዙረው ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር በሚለው ሥር ያሉትን ስሞች ይጻፉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ባለመብት ወይም ወራሽ የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ፦ የትኛው ዘፈን፣ በምን መልክ፣ ስንት ቅጂ፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው አገር። «ዘፋኙን አስፈቅጃለሁ» ብቻውን አይበቃም። ለዘፋኙ የተከፈለ ገንዘብ የዜማ ደራሲውን አፍ አያዘጋም።

ጥያቄ፦ ፓሪስ የታተመው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ፣ የኢትዮጲክስ ተከታታይስ?

መልስ፦ የተከታታዩ አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የአምሃን ቀረጻዎች ከባለቤቱ በስምምነት ነው የወሰደው፤ ስለዚህ ከግልባጭ ጋር አይቆጠርም። የቀረጻው ፈቃድ ግን ቀረጻውን ነው የሚሸፍነው፤ ለግጥምና ለዜማ ደራሲዎቹ የሚደርሰው ለብቻው የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ኦሪጅናል ካሴትን ከግልባጭ በምን ልለይ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ምልክት የክሩ ርዝመት ነው። ደህና አሳታሚ ክሩን በሥራው ልክ ስለሚያስቆርጥ ዘፈኑ ሲያልቅ ጎኑም ቶሎ ያልቃል። ግልባጭ ባለ 60 ደቂቃ ባዶ ካሴት ላይ ይጫናል፤ ወይ መጨረሻው ረጅም ዝምታ ይሆናል፣ ወይ የጎኑ የመጨረሻ ዘፈን መሃል ላይ ይቆረጣል። ሽፋኑን በማጉያ መነጽር ይዩት፤ ከሌላ ሽፋን የተነሣ ከሆነ የትንንሾቹ ፊደላት ጠርዝ ያበጠና የተዋጠ ነው፣ የዘፋኙም ፊት ይጠቁራል። በአንድ ምልክት ብቻ ግን አይፍረዱ፤ አቅም ያነሳቸው ሙዚቃ ቤቶችም ባዶ ካሴት ገዝተው ይጭኑ ነበር።

ጥያቄ፦ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ድምፁ ታፍኖ ይወጣል።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቴፑ ነው። ሄዱን (ከክሩ ላይ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል) በ90 በመቶና ከዚያ በላይ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ፤ ክሩን የምትጎትተውን ጎማ ግን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ፣ አልኮል ያደርቃታል። ካሴቱን አንዴ እስከ መጨረሻው አሽከርክረው ይመልሱት። ዶልቢ (የክሩን ሹሹታ መቀነሻ) ይጥፋ፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳ ካሴት በዶልቢ ሲከፈት ቀጭኑ ድምፅ ይበላል። አሁንም ከታፈነ የሄዱ አቅጣጫ ከካሴቱ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ድምፁን ወደ ሞኖ ያድርጉና፣ ሲምባሉ እየጮኸ ሳለ ከሄዱ ጎን ያለችውን የማስተካከያ ቡሎን ማግኔት በሌለው ካቻቪቴ በትንሽ በትንሹ ያዙሯት፤ ጥርት ሲል ያቁሙ። ከመንካትዎ በፊት የነበረችበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ፣ አለበለዚያ የሌሎቹ ካሴቶች ድምፅ ይታፈናል። ቅጂውን በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አድርገው ይያዙ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ። የ60 ደቂቃ ካሴት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ኤምፒስሪ በኋላ ከዚህ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያ ሳላስገባ ዩቲዩብ ላይ ብጭነውስ?

መልስ፦ ገንዘብ አለመቀበልዎ ፈቃድ አይሆንም። ለሕዝብ ማሰራጨት ከግል ቅጂው ውጭ ነው። ብዙ ብርቅ ሥራ በዚህ መንገድ እንደተረፈ አውቃለሁ፣ ሰሚም ተጠቅሟል። ቢያንስ የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ስሞችን ከሽፋኑ ላይ እንዳሉ ይጻፉ፤ ወራሽ መጥቶ «አውርደው» ካለ ያለ ክርክር ያውርዱት።