ባንክ የወንዝ ዳርም የገንዘብ ቤትም የሆነው እንዴት ነው?

ወንድሜ፣ በእንግሊዝኛ የወንዝ ዳርም የገንዘብ ቤትም ባንክ የሚባሉት አንድ ቃል ስለሆኑ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። መዝገበ ቃላት ሁለት ቃል ያደርጋቸዋል፤ ሥራቸውን ከቆፈርክ ግን ዘመዳሞች ናቸው።

የወንዙ ባንክ ከሰሜን ሰዎች፣ ከስካንዲኔቪያ ቋንቋ የመጣ ነው። ከፍ ያለ አፈር፣ ተዳፋት ማለት ነው። አውሮፕላን ሲታጠፍ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉም ባንክ የሚባለው ከዚሁ ከተዳፋቱ ነው።

የገንዘቡ ደግሞ ከጣሊያንኛው ባንካ ነው፣ በፈረንሳይኛ በኩልም አልፏል። ባንካ አግዳሚ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ነው። በጣሊያን ከተሞች ገንዘብ መንዛሪዎች ሳንቲማቸውን ደርድረው የሚመነዝሩበት ጠረጴዛ ማለት ነው፤ የከሰረ ሰው ባንክራፕት የሚባለውም ባንካ ሮታ፣ የተሰበረ ጠረጴዛ፣ ከሚለው ነው። በጣም ደስ የሚለኝ ነገር ጣሊያኖቹ ራሳቸው ቃሉን ከጀርመናዊ ቋንቋዎች፣ ማለትም ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛና የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ካሉበት ቤተሰብ፣ መውሰዳቸው ነው፣ የወንዙም ባንክ፣ ቤንች (አግዳሚ ወንበር) የምንለውም ከዚያው ግንድ የወጡ ናቸው።

የደም ባንክ ገና የቅርብ ጊዜ ነው፤ ዶክተር በርናርድ ፋንተስ በ1937 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ያወጡት ስም ነው። እኛም ከነዚህ ሁሉ የወሰድነው የገንዘቡንና የደሙን ነው፣ ለወንዙማ ዳር አለን።